ሳይለኩ የማይነኩት ጋሽ ሰከንድ

ዕቃ ሲበላሽ የሰው ልጅ በሁለት ይከፈላል፤ በጥፊ የሚመታና ደብተር የሚያወጣ። የመጀመሪያው ወገን ብዙ ነው። ቴሌቪዥኑ ሲያስቸግረው ጎኑን ጠፍጠፍ፣ አምፖሉ ሲርገበገብበት ነቅነቅ፣ በሩ እምቢ ሲለው በጉልበቱ ገፋ ያደርጋል፤ ከሠራለት ሠራ፣ ካልሠራለት "ድሮም ዕድሜው ደርሷል" ብሎ ዘወር ይላል። ሁለተኛው ወገን በቁጥር ትንሽ፣ በትዕግሥት ግን ብዙ ነው። ዕቃውን ሳይነካ ይለካዋል። ነክቶ ይለካዋል። "አሁንስ በቃ" ስትሉት "ቆዩማ" ብሎ ደግሞ ይለካዋል። ይህን ሰው የማያውቅ የለም፤ ወይ አጎታችሁ ነው፣ ወይ የቢሮ ባልደረባችሁ፣ ወይ ደግሞ እግዜር ይሁናችሁና ባላችሁ ነው።

የዚህ ወገን አለቃ፣ አውራና የበላይ ጠባቂ፣ ክቡር ጋሽ ሰከንድ ናቸው።

እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው። ነገር ግን እንደ ሩጫ ዳኛ ከአንገታቸው የምትንጠለጠል አንዲት ሰዓት አለቻቸው፤ ስማቸውን የበላችው እሷ ናት። ሠላሳ አንድ ዓመት የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበሩ። በየግቢው እየገቡ፣ ከውሻ ጋር እየተሟገቱ፣ ከድንጋይና ከሸረሪት ድር ሥር የተቀበረውን ቆጣሪ ጎንበስ ብለው እያዩ፣ ቁጥሩን በደብተራቸው አስፍረው ወደሚቀጥለው በር ሲሄዱ ኖሩ። የቤቱ ባለቤት "ውሃ አይመጣም" ቢል፣ "ውሃው በዛብኝ" ቢል፣ ቢያለቅስ ቢስቅ ለእሳቸው ያው ነው።

"ቁጥሩ ምን ይላል?" ይላሉ፤ ይህ የመጀመሪያው መፈክራቸው ነው።

ጡረታ ሲወጡ ልጃቸው ልትጥለው ያወጣችውን አሮጌ ኮምፒውተር ከበር ላይ መለሱና፣ ሊኑክስ የሚባለውን ሥርዓት ጭነውበት ተቀመጡ። "ሌላው ኮምፒውተር ሲዘገይ ዝም ብሎ ክብ ነገር ያዞርብሃል። ይሄኛው ግን ከጠየቅከው ስንት እንደዘገየ፣ በማን ምክንያት እንደዘገየ ይናገራል። እንደ ቆጣሪ ሐቀኛ ነው።" ከዚህ በላይ ምስጋና አያውቁም።

ይህን ሁሉ ከማንም በላይ የምታውቀው መምህርት ናት። መምህርት ጠዋት ጠዋት ጂኦግራፊ ታስተምራለች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ለዓይነ ስውራን መጻሕፍትን በድምፅ ወደሚያዘጋጀው ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ትመጣና፣ ግድግዳው በእንቁላል ካርቶን በተለበጠ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ታነባለች። ማንም አላዘዛትም፤ ካልመጣችም ማንም አይጠይቃትም። እሷ ግን ዝናብ ሳትል ፀሐይ ሳትል ትመጣለች። ጋሽ ሰከንድም እንደሷው በፈቃዳቸው የዚያ ቤት የኮምፒውተር ሐኪም ናቸው፤ የቤቱንም ኮምፒውተር ወደ ሊኑክስ አዙረውታል። በክፍሏና በእሳቸው ጠረጴዛ መካከል አንድ መስታወት አለ። አራት ዓመት በዚያ መስታወት ተያይተዋል።

በአራት ዓመት ውስጥ ያልለኩት የለም። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ማንቆርቆሪያ ውሃ ለማፍላት ሦስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ እንደሚፈጅ፣ የደረጃው በር ተለቆ እስኪዘጋ ዘጠኝ ሰከንድ እንደሚወስድ፣ የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ በደቂቃ አሥራ አራት ጊዜ እንደሚያንጠባጥብ ከደብተራቸው ይገኛል። ቧንቧው የተጠገነ ቀን ከሥሩ ሩብ ሰዓት ቆመው "ዜሮ" ብለው ሲጽፉ ፊታቸው እንደ ሙሽራ በርቶ ነበር። መምህርት አንድ ቀን ሳታስብ "ራሴን አሞኛል" ብትል፣

"ከትናንቱ ይብሳል ይቀላል?" አሉ።

"ጋሼ፣ ራስ ምታት ነው እኮ!"

"እሱማ ገብቶኛል። ከአሥር ስንት ይሆናል?"

"እርስዎ ሲናገሩ አሥር፣ ዝም ሲሉ አራት።"

ጻፉት።

እንግዲህ ነገሩ የተጀመረው ፈተናው አምስት ሳምንት ሲቀረው ነው። አሥራ ስምንት ዓይነ ስውራን የርቀት ትምህርት ተማሪዎች አንድ የሥነ ልቦና መጽሐፍ ላይ ሊፈተኑ ነው። አሥራ ሁለት ምዕራፍ፤ በብሬል የለ፣ በድምፅ የለ። መምህርት አንብባ ካልጨረሰችላቸው ፈተናው ለሚመጣው ዓመት ይተላለፍባቸዋል። ከአሥራ ስምንቱ አንዷ፣ የሌሎቹም አፈ ጉባኤ፣ የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ ናት። ቀኑን ሙሉ ሰው ስታገናኝ የምትውል ሰው ስለሆነች ስልክ መደወል አይከብዳትም።

"እትዬ፣ ስንተኛ ገጽ ደረስሽ?"

"ሠላሳ ሁለት።"

"ትናንት ሠላሳ ነበር ያልሽኝ።"

"ኮምፒውተሩ ነው እኮ፣ እመቤት።"

"እንግዲያው ንገሪው። አሥራ ስምንት ሰው ደጅ እየጠናህ ነው በይው።"

ሰበብ አልነበረም። መምህርት የምትቀዳበት ፕሮግራም ድምፅዋን እንደ ልብስ ሰፊ ቆራርጦ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎች አድርጎ ሃርድ ዲስኩ ላይ ይበትነዋል። ዲስኩ ደግሞ የድሮ ዓይነት ነው፤ ውስጡ እንደ ዘፈን ሸክላ የሚሽከረከር ሳህን፣ በሳህኑ ላይ ወዲህ ወዲያ የምትሮጥ እጅ አለችው። መምህርት አንድ ቃል ስትሳሳት ወደ ኋላ ተመልሳ ከዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ መቅዳት አለባት፤ ያን ጊዜ ያቺ እጅ ቁርጥራጩን ሁሉ ከየስርቻው ልትለቅም ትሄዳለች። ስትሄድ ደግሞ ሄደች ነው።

አርባ አንድ ሰከንድ።

ለሰሚው ኢምንት ነው። ማይክ ፊት አፉን ከፍቶ ለሚጠብቅ ሰው ግን አርባ አንድ ሰከንድ ውስጥ ድምፅ ይቀዘቅዛል፣ ሐሳብ ይበተናል፣ ጉሮሮ ይደርቃል። ስትመለስ የጀመረችበት ቃና ይጠፋባትና ገጹን እንደ አዲስ ታነበዋለች።

ጋሽ ሰከንድ በዚያች አርባ አንድ ሰከንድ እንዳትሰለች ብለው ከመስታወቱ ማዶ ወግ ያወጓታል። ሁልጊዜ ያው አንድ ወግ ነው፤ ቆጣሪ ለማንበብ ከገቡበት ግቢ ውስጥ አንድ ጥቁር ውሻ ያጋጠማቸው ዕለት። "ውሻው ቆጣሪው ላይ ተኝቷል። እኔ ደግሞ ቁጥሩን ሳላይ አልወጣም..." ይላሉ፤ አርባ አንዱ ያልቅና መምህርት እጇን ታነሳለች። በሚቀጥለው ስሕተት ካቆሙበት ይቀጥላሉ። መምህርት እንዲህ በቁርጥራጭ የሰማችው የውሻ ታሪክ አራት ዓመት ሙሉ አላለቀም።

ይህ መጠበቅ ፈተናው ሲቃረብ ትዕግሥቷን ይጨርሰው ጀመር።

"ጋሼ፣ ይሄን ዲስክ አንድ ይበሉልኝ።"

ጋሽ ሰከንድ እንደ ጠበቁት እንግዳ ተነሡ። አዲስ ገጽ ገለጡ፤ በግራ "በፊት"፣ በቀኝ "በኋላ" ብለው መስመር አሰመሩ። ለኮምፒውተሩ ትእዛዝ የሚጻፍባትን ጥቁር መስኮት ከፍተው አንዲት አጭር መስመር ጻፉ፤ ዲስኩ በሰከንድ ስንት እንደሚያነብ ነገራቸው። ደህና ነበር። ደገሙት፤ ደህና ነበር። ሠለሱት።

"ሦስቴ ካልለካን አልለካንም" አሉ በሁለተኛው መፈክራቸው።

"እና ምን ይላል?"

"የሚገርመው እሱ ነው። አንድ ትልቅ ፋይል ስሰጠው ቀጥ ባለ ጎዳና ላይ እንደ ለቀቁት ፈረስ ነው። ያንቺን ቁርጥራጭ ስሰጠው ያነክሳል።"

"ታዲያ ይታከማ!"

በማግሥቱ ጉድ ተባለ። ጋሽ ሰከንድ አንዲት ነገር አስተካክለው የመምህርትን ሥራ ከፈቱ፤ አርባ አንድ። ዘጉና እንደገና ከፈቱ፤ ሦስት ሰከንድ! ዓይናቸውን አላመኑም። እንደገና ሦስት። ሦስቴ ተለክቷል፤ ሕጉ ተሟልቷል። እየጮሁ ኮሪደሩን አቋርጠው ለኃላፊዋ አበሠሩ። ኃላፊዋም ማንቆርቆሪያዋን ጣደች፤ መምህርት ለስልክ ማዞሪያ ሠራተኛዋ ደውላ "ተገላግለናል" አለቻት። ብቻ ምን አለፋችሁ፣ ቤቱ ደስ ደስ አለው።

ጠዋት ሲከፈት፣ አርባ አንድ።

ጋሽ ሰከንድ ሰዓታቸው ቆሞ እንደሆነ ወደ ጆሯቸው አስጠግተው አዳመጡ። ቆጣሪ ሲዋሽ አይተው አያውቁም። በኋላ ሲገባቸው ግንባራቸውን መቱ። ኮምፒውተሩ አንዴ ያነበበውን ነገር ቅርብ ማስታወሻው ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ጊዜ ዲስኩን ከነጭራሹ አልነካውም ነበር።

"ታንከር ውስጥ የነበረውን ውሃ ቀድተን መስመሩ ጎበዝ ነው አልን" አሉ አንገታቸውን ደፍተው። "እኔ! በሠላሳ አንድ ዓመት ያልሠራሁትን!"

መምህርት አስተማሪ ናትና ነገሩ ገባት። "ትናንት መልሱን የነገርኩት ተማሪ ዛሬ ቶሎ ቢመልስ ጎበዝ ነው አልልም" አለች። "ላም አለኝ በሰማይ ሆነብን ማለት ነው።"

"ከእንግዲህ ታንከሩን ሳላፈስ አልለካም።"

ቃላቸውንም ጠበቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእያንዳንዱ ልኬት በፊት ማስታወሻውን ባዶ የምታደርገውን ትእዛዝ እየጻፉ፣ "ፈሰሰ!" ብለው በመስታወቱ በኩል ያውጁ ጀመር። አሁን ቁጥሩ የእውነት ሆነ፤ የእውነት ቁጥር ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው። ከበስተጀርባ ሆና ፋይሉን ሁሉ ስትመዘግብ የምትውል አንዲት ፕሮግራም ነበረች፤ አሰናበቷት፣ ሠላሳ ስድስት። ሥርዓቱ አንድ ፋይል በተነበበ ቁጥር "በዚህ ሰዓት ተነበበ" እያለ ዲስኩ ላይ ይጽፍ ኖሯል። "መጽሐፍ በገለጡ ቁጥር ለኃላፊ ደብዳቤ እንደሚጽፍ ሠራተኛ" አሉና እሱንም አስቆሙት፤ ሠላሳ ሦስት። ዲስኩ እስከ አንገቱ ሞልቶ ስለነበር የድሮውን ቅጂ ወደ ሌላ ዲስክ አሸጋገሩ፤ ሃያ ሰባት።

በቀን አንድ ነገር። ይህ ሦስተኛው መፈክራቸው ነው፤ "አንድ ነገር ብቻ!"

"ጋሼ፣ ሁሉንም ባንዴ ያድርጉታ!"

"ያኔ የትኛው እንዳዳነው በምን እናውቃለን?"

"ከዳነ ምን ቸገረኝ?"

"ነገ መልሶ ሲታመምስ? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።"

ከሃያ ሰባት በኋላ ቁጥሩ ቆመ። ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን፤ ቢነኩት አይወርድ፣ ቢገለብጡት አይወርድ። ገመድ ቀየሩ፤ ሃያ ሰባት። ሌላ ቀዳዳ ላይ ሰኩት፤ ሃያ ሰባት። አምስት ምዕራፍ ቀርቷል፤ ቀኑ ደግሞ አሥራ ሦስት።

"አሰላሁት" አሉ ጋሽ ሰከንድ፣ የማይወደውን እንደሚናገር ሰው ጉሮሯቸውን ጠርገው። "በሃያ ሰባት ከቀጠልን፣ ፈተናው ባለፈ በሦስተኛው ቀን ትጨርሻለሽ።"

መምህርት ማዳመጫዋን አወለቀች። "እኔ አልሳሳት ብልስ?"

"በገጽ አራት ነጥብ ሦስት ጊዜ ትሳሳቻለሽ።"

"ምን አልክ አንተ ሰውዬ?"

አራት ዓመት ሙሉ "አንቱ" ብላቸው ስታበቃ "አንተ" ማለቷን ራሷም ሰማችው። ጋሽ ሰከንድ ግን አልተቀየሙም፤ ደብተሩን አዙረው ቁጥሩን ሊያሳዩዋት ሞከሩ። "ከመቶ ሃያ ገጽ እየተደመረ የመጣ ነው" አሉ፣ ይህ የሚያጽናና ይመስል። ከዚያ ፊቷን አዩና ደብተሩን ዘጉት። "ገመዱን አንድ ጊዜ ደግሜ ልየው" ብለው ወደ ዕቃ ክፍሉ ወረዱ።

መምህርት ብቻዋን ቀረች። አንዴ ሳትሳሳት ለማንበብ ሞከረች፤ በሁለተኛው መስመር ላይ ተሳሳተች። ሃያ ሰባት ሰከንድ። ከመስታወቱ ማዶ ወግ የሚያወጋት የለም። ተነሥታ ወጣችና ከጋሽ ሰከንድ ጠረጴዛ ላይ ከተደረደሩት አራት ደብተሮች አንዱን አነሣች፤ ስሟን በስንት ቦታ ከስሕተት ጋር እንደጻፉት ልታይ፣ አይታም ልትናደድ።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቆጣሪ አንባቢ ቁጥር ይጽፋል እንጂ ደብተሩን አያነብም። ሙያው እንዲያ ነው። ቁጥሩን አስፍሮ ደብተሩን ለመሥሪያ ቤቱ ያስረክባል፤ ቁጭ ብሎ የሚያገላብጠው፣ ያምናውን ካቻምና ጋር የሚያስተያየው ሌላ ሰው ነው። ጋሽ ሰከንድ በሠላሳ አንድ ዓመት አንዲት የጻፏትን ገጽ ተመልሰው አይተው አያውቁም። ጡረታ ሲወጡም ይህ አመል አልለቀቃቸውም፤ አራት ደብተር ሞልተው ከዕለቱ ገጽ ወደ ኋላ ገልጠው አንዱንም አላነበቡም። የሚቀበላቸው መሥሪያ ቤት እንደሌለ ልብ ያለ ሰው አልነበረም።

መምህርት ግን ሥራዋ ማንበብ ነው።

ገለጠች። ቁጥር፣ ቁጥር፣ ቁጥር። በፊት ይህን ያህል፣ በኋላ ይህን ያህል። ማንቆርቆሪያ። በር። ቧንቧ። ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ስትደርስ ግን እጇ ቆመ። የገጹ ግራም ቀኙም ባዶ ነው፤ ሁለት ሰረዝ ብቻ። በአራቱ ደብተር ውስጥ ሌላ እንዲህ ያለ ገጽ የለም። ከላይ በዚያ እንደ አጥር በተደረደረ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦

"ዲስኩ ድምፅ እንዳያሰማ እጁ በዝግታ እንዲራመድ ታዟል። ትእዛዙ በየጠዋቱ እንዲነበብ ተደርጓል። መምህርት እንዳትረበሽ። በፊት፦ — በኋላ፦ —"

ቀኑን አየችው። ደግማ አየችው።

እህቷን ቀብራ የተመለሰችበት ቀን ነው። ያን ቀን ማንም "ሂጂ" ሳይላት መጥታ፣ ማይክ ፊት ተቀምጣ፣ አፏን ስትከፍት ዲስኩ ከጠረጴዛው ሥር ቅጭ ቅጭ፣ ቅጭ ቅጭ ይል ጀመር፤ ልክ ከእህቷ አልጋ አጠገብ ሲቆጥር እንደከረመው መሣሪያ። "ጋሼ፣ ይሄ የሚቆጥር ነገር ዝም ይበልልኝ" ብላ ፊቷን ሸፈነች። ከዚያ በኋላ ያለውን አታስታውስም። ዝም ማለቱን ግን ታስታውሳለች። ሳይለኩ የማይነኩት ሰውዬ ያን ቀን ሰዓታቸውን አልነኩም፣ ሦስቴም አላሉ። ዝም አሰኙት፣ በቃ።

ጋሽ ሰከንድ ገመዱን ይዘው ሲመለሱ መምህርት ደብተሩን እንደያዘች ቆማ አገኟት።

"ጋሼ፣ ፍየል ወዲያ ቅዝምዝም ወዲህ ሆኖብን ነው የከረምነው" አለች። "ሌባው ከቤት ነው።"

መነጽራቸውን አደረጉ። የራሳቸውን ጽሕፈት እንደ እንግዳ ሰው ጽሕፈት እያራቁ እያቀረቡ አዩት። ጆሯቸው ቀላ።

"እኔው ነኝ ለካ" አሉ። "ለሁለት ዓመት በየጠዋቱ ቀስ በል፣ ቀስ በል ስለው የኖርኩት እኔው ነኝ።"

"ታዲያ ያንሱለታ ትእዛዙን።"

ይህን ጊዜ ያልጠበቀችው ሆነ። ጋሽ ሰከንድ ራሳቸውን ነቀነቁ። "አይሆንም።"

"እንዴት አይሆንም?"

"ይጮሃላ።"

"ይጩህ።"

"ያን ቀን አይቼሻለሁ" አሉ። ሰዓታቸውን በእጃቸው ጨብጠው መሬት መሬት አዩ።

መምህርት ደብተሩን ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አሥራ ስምንት ሰው ደጅ ይጠናል። ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸውና፣ እስከዚያ ቀን ድረስ በሳቅ እንጂ በቁም ነገር ብላው የማታውቀውን ነገር አለች፦

"ጋሼ፣ ቁጥሩ ምን ይላል?"

ጻፉ። የዝግታው ትእዛዝ ተሻረ። ዲስኩ ከሁለት ዓመት እንቅልፉ እንደ ነቃ ሰው ተንጠራርቶ ጀመረ። ቅጭ ቅጭ፣ ቅጭ ቅጭ። ጋሽ ሰከንድ ቁጥሩን ትተው እሷን ያዩ ነበር። መምህርት ዓይኗን ጨፍና አዳመጠችው። አሁንም ይቆጥራል። ግን የሚቆጥረው የእህቷን ትንፋሽ አይደለም፤ የእሷን ቃላት ነው፣ እየለቀመ ሊያመጣላት።

"ደህና ነኝ" አለች። "ይልቅ ይመልከቱ።"

አሥራ አንድ ሰከንድ። ታንከሩ ፈሶ፣ ሦስቴ ተለክቶ፣ አሥራ አንድ።

ጋሽ ሰከንድ ሊጮሁ ሲሉ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ፤ ባለፈው ጩኸታቸው ያመጣባቸውን ያውቃሉ። ሆኖም ደስታቸው ከትከሻቸው ላይ ይታይ ነበር።

በማግሥቱ ከሰዓት ስልኩ ጮኸ።

"እትዬ፣ የምዕራፍ ስምንትን መጀመሪያ ሰማሁት። ፍጥነቱስ እሰየው። ግን ከጀርባሽ አይጥ አለ እንዴ?"

"የምን አይጥ?"

"ወረቀት የሚበላ አይጥ። ትክክለኛ ጥርስ ያለው።"

መምህርት ማዳመጫዋን አድርጋ ሰማችው። እውነትም ከድምፅዋ ሥር አንድ ነገር ይቆረጥማል። ፈጣኑ ዲስክ ይሰማል፤ ዝምተኛው ዲስክ ይዘገያል። ኃላፊዋ ይህን ስትሰማ "ታዲያ አንዱን ምረጡ" አለች፤ ከመጀመሪያው ወገን ናት፣ በጥፊ ከሚመቱት። ጋሽ ሰከንድ ግን ግድግዳውን ያዩ ነበር። ከቀረጻው ክፍል ጎን መጥረጊያና ባልዲ የሚቀመጥባት ጠባብ ዕቃ ቤት አለች።

"ማሽኑ ወጥቶ እዚያ ይቀመጥ። ገመዱ ብቻ በግድግዳው ይግባ።"

"በየቱ ቀዳዳ?" አለች ኃላፊዋ።

"በምንበሳው።"

"ግድግዳዬን? ጋሼ፣ ባለፈው ሥዕል ለመስቀል አንዲት ሚስማር ቢመታ ልስኑ እንዳለ ወረደ እኮ!"

"ያን የመታው ሌላ ሰው ነው፤ ሳይለካ። እኔ ግድግዳውን አምና ለክቼዋለሁ። ሃያ ሁለት ሳንቲሜትር ነው።"

"ለምን ብለው ለኩት?"

ጋሽ ሰከንድ ጥያቄው አልገባቸውም። ግድግዳ ነው፤ ይለካል።

ሦስቴ ምልክት አድርገው አንዴ በሱ። ኃላፊዋ ዓይኗን ጨፍና ጆሮዋን ይዛ ቆመች፤ ስትገልጥ አንዲት ንጹሕ ክብ ቀዳዳ፣ ከሥሯ አንድ እፍኝ የማይሞላ አቧራ። ኮምፒውተሩ ከመጥረጊያዎቹ ጋር ጎረቤት ሆነ። በዕቃ ቤቷ በር ላይ "ባልዲ ከዚህ መሣሪያ ሁለት ሜትር ይራቅ" የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። ክፍሏ ሁለት ሜትር ከሃያ ስለሆነች ባልዲው ኮሪደር ላይ ወጥቶ ቀረ፤ ኃላፊዋ በወጣች በገባች ቁጥር እየተደናቀፈችበት።

ያ ሳምንት ለመምህርት እንደ ቁልቁለት መንገድ ነበር። ትሳሳታለች፣ ቁልፉን ትጫናለች፣ ትንፋሽ ሳብ አድርጋ ሳትጨርስ ዲስኩ ያመጣላታል። ቃናዋ አልጠፋ፣ ጉሮሮዋ አልደረቀ። ከመስታወቱ ማዶ ጋሽ ሰከንድ በልማዳቸው "ውሻው ቆጣሪው ላይ..." ብለው ሲጀምሩ እጇ ይነሣል። "እኔ ደግሞ..." እጇ ይነሣል። የውሻው ታሪክ ከአሥራ አንድ ሰከንድ ውስጥ ሊገባ አልቻለም። ሁለተኛው ቀን ላይ ትተውት ዝም ብለው ይሰሟት ጀመር።

ፈተናው ሁለት ቀን ሲቀረው የምዕራፍ አሥራ ሁለትን የመጨረሻ መስመር አነበበች። ቅጂው ተልኮ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ስልኩ ጮኸ።

"እትዬ፣ አይጧ የት ሄደች?"

"ተዛወረች።"

"ለአዛዋሪው አሥራ ስምንታችንም እጅ ነሥተናል በይልኝ። አሁን ልዝጋ፤ ላጠና ነው።"

መምህርት መልእክቱን አደረሰች። ጋሽ ሰከንድ "አሥራ ስምንት" ብለው ጻፉ፤ የሚጻፍበት ዓምድ ስላልነበረ ጥግ ላይ። ከዚያ ሰዓታቸውን ሊያነሡ ሲሉ እጃቸውን ያዘቻቸው።

"ዛሬ አይለኩብኝ። ቁጭ ይበሉና የውሻውን ነገር ይጨርሱልኝ።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም። ከመጀመሪያው።"

ጀመሩ። ውሻው፣ ጥቁሩ፣ ቆጣሪው ላይ ተኝቷል። እሳቸው ደግሞ ቁጥሩን ሳያዩ አይወጡም። አጠገቡ ተቀመጡ። ተፋጠጡ። አንድ ሰዓት ሞላ፤ ውሻው ተሰላችቶ ራሱን ጭናቸው ላይ ጣለ። "ቁጥሩን አየሁት። ግን ተኝቶ ነበርና ልቀሰቅሰው አልሆንልህ አለኝ። ስንት ሰዓት እንደተቀመጥኩ እስከ ዛሬ አላውቅም።"

ሲያወሩ መምህርት የሁለት ዓመቱን ደብተር ስባ ገልጣ ነበር። ያችን ሁለት ሰረዝ ያላትን ገጽ አገኘችና፣ ብዕራቸውን ከጆሯቸው ላይ አንሥታ "በኋላ" ከሚለው ጎን ከሰረዙ ላይ ጻፈች፤ ደብተሩንም ወደሳቸው አዞረች።

"አልተለካም። ደርሶኛል።"

ጋሽ ሰከንድ የተጻፈ ደብተር አያነቡም። ያን ዕለት ግን መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ወልውለው አደረጉና፣ ጎንበስ ብለው፣ እንደ ቆጣሪ፣ አነበቡት።

ሦስቴ።